ዓይኔ እንባ በእንባ ሆኖ "ደርቋል" አሉኝ

ከሰዓት ላይ የስክሪኑ ጽሁፍ ብዥ ይልብኛል፣ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፣ ከዛ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሀኪም ጋ ስሄድ "ዓይንሽ ደርቋል" ስትለኝ የቀለደች ነው የመሰለኝ፣ የሚፈስ ዓይን እንዴት ነው የሚደርቀው? ነገሩ ግን ዓይን ሲደርቅ ይቆጣል፣ ሲቆጣ ደግሞ እንባ በአንዴ ይለቃል፣ ይሄኛው እንባ ባብዛኛው ውሃ ብቻ ስለሆነ ዓይን ላይ አይቆይም፣ ጉንጭ ላይ ወርዶ ያልቃል። ደህናው እንባ ዓይን ላይ የሚያጣብቀው ዝልግልግ ነገር አለው፣ ውሃ አለው፣ ከላይ ደግሞ ውሃው ቶሎ እንዳይተን የሚሸፍን ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ የሚመጣው ከዓይን ቆብ ጠርዝ፣ ሽፋሽፍቱ ስር ካሉት ጥቃቅን እጢዎች ነው፣ ብዙ ሰው ላይ ችግሩ እነሱ መደፈናቸው ነው።

ስክሪን የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሁሉም ሰው ብርሃኑን ይረግማል፣ እኔም ብሉ ላይት (የስክሪኑን ሰማያዊ ብርሃን) ይቀንሳል የሚባል መነጽር ገዝቼ ነበር፣ በ2023 የወጣው የኮክሬን (የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ ግን መነጽሩ የዓይን ድካም ላይ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ እንደማያመጣ ነው የሚያሳየው (ብሬ ሄደ)። ዋናው ጥፋት ዓይናችንን ማርገብገብ መርሳታችን ነው። ሰው እንዲሁ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ገደማ ያርገበግባል፣ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ከ5 እስከ 7 ወዳለው ሊወርድ ይችላል፣ እሷም ብዙ ጊዜ ግማሽ ናት፣ ላይኛው ቆብ ታችኛው ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። ቆብ ሙሉ በሙሉ ካልተጨፈነ እጢዎቹ ተጨምቀው ቅባት አይለቁም። ካላመናችሁ ስልካችሁን ከላፕቶፑ ጎን አቁሙና እየሰራችሁ አስር ደቂቃ ራሳችሁን ቅረጹ፣ መቀረጻችሁን ስትረሱ ያለውን ክፍል እዩት። እኔ አንዷን ደቂቃ ስቆጥር አራት ብቻ አገኘሁ፣ ከአራቱ ሁለቱ ግማሽ!

ስለዚህ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ የሚለውን ምክር ተከተሉ፣ ግን ዝም ብላችሁ አትዩ፣ ጨፈን አድርጋችሁ ሁለት ሰከንድ ያዙ፣ ክፈቱ፣ እንደገና፣ እንዲህ አምስት ስድስቴ። ሁለተኛ፣ ስክሪኑን ዝቅ አድርጉት። ቀና ብላችሁ ስታዩ ዓይን በሰፊው ይከፈታል፣ ወደታች ስታዩ ቆቡ ይሸፍነዋል። እኔ ለአንገቴ ብዬ ላፕቶፑን መጽሐፍ ደርድሬ ላዩ ላይ ሰቅዬው ነበር፣ አሁን የስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ከዓይኔ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አንገቴም ብዙ አልተቀየመኝም። ቬንትሌተር፣ ኤሲ፣ የመኪና ንፋስ ፊታችሁ ላይ እንዳይነፍስ አዙሩት። ሲጋራም ያባብሳል።

ለኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሙቅ ጨርቅ ነው፣ እና ብዙ ሰው በትክክል አይሰራውም። ንጹህ ጨርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ትጨምቃላችሁ፣ ክንዳችሁ ውስጠኛው ክፍል ላይ ሞክሩት፣ ካቃጠለ ለዓይን አይሆንም። ከዛ የተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ጨርቅ በሁለት ደቂቃ ስለሚቀዘቅዝ እየነከራችሁ መልሱት፣ አንዴ ለጥፎ መተኛት ምንም አይሰራም። እጢው ውስጥ የረጋው ቅባት ቅቤ በሉት፣ ካልሞቀ አይቀልጥም። እንደሞቀ በጣት ጫፍ ላይኛውን ቆብ ወደታች፣ ታችኛውን ወደላይ ቀስ አድርጋችሁ እሹት፣ የዓይኑን ኳስ ሳትጫኑ፣ ከዛ የሽፋሽፍቱን ስር በእርጥብ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ጠዋትና ማታ፣ ለሳምንታት። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አላየሁም ነበር፣ ልተወው ስል ነው የቀለለኝ።

ጠብታ ላይ ተጠንቀቁ። መቅላት የሚያጠፋው ጠብታና አርቴፊሻል እንባ አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው የደም ስሩን አጥብቦ ለጊዜው ያነጣዋል፣ ሲለመድ ብሶበት ይቀላል። የምትፈልጉት አርቴፊሻል እንባ፣ ማለትም ዓይን የሚያረጥበው ጠብታ ነው፣ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ከሆነ ደግሞ ፕሪዘርቫቲቭ (ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) የሌለውን፣ ምክንያቱም ፕሪዘርቫቲቩ ራሱ ዓይን ያስቆጣል። ሲያቃጥል ሳይሆን ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ጠብ አድርጉ። ኦሜጋ 3 (የዓሳ ዘይት እንክብል) ለሚሉ፣ በ2018 በታተመ ትልቅ ጥናት በቀን 3 ግራም ለአንድ ዓመት የወሰዱት ሰዎች የወይራ ዘይት እንክብል ከወሰዱት የተለየ አልተሻላቸውም፣ እኔ አልገዛም።

የአለርጂ መድኃኒት፣ አንዳንድ የብጉርና የድብርት ኪኒኖች ያደርቃሉ፣ ራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ግን የምትወስዱትን ሁሉ ጽፋችሁ ለሀኪም አሳዩ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉም ንገሩ፣ ማረጥ ላይ ያላችሁ ሴቶችም እሱን ንገሩ። ከባድ ህመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የዕይታ መቀነስ ወይ መግል ካለ ጨርቁን ትታችሁ በዛው ቀን ሀኪም ጋ ሂዱ። አፋችሁም እየደረቀ መገጣጠሚያችሁን የሚያማችሁ ከሆነም ተናገሩ፣ ሾግረን የሚባል፣ የሰውነት መከላከያ እንባና ምራቅ የሚሰሩትን እጢዎች የሚያጠቃበት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመረመራል። የዓይን ድርቀት ምርመራው አያስፈራም፣ ቀጭን ወረቀት ታችኛው ቆብ ላይ አምስት ደቂቃ ይሰቅሉና ስንት ሚሊሜትር እንደረጠበ ያነባሉ፣ ትንሽ ትቆረቁራለች እንጂ ያን ያህል አታምም።