ከዓለም ፍጻሜ የተረፈች ቮልስ፦ ሞዴል ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ ሥራዬን ለሰፈራችን የድሮ መካኒክ አሳየኋቸው። 1፡24 የሆነች የፕላስቲክ ሞዴል ቮልስ ነች፤ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ያነሰች ማለት ነው። ዓለም ከጠፋ በኋላ የተረፈች መኪና እንድትመስል ብዙ ለፍቼባታለሁ። ኮፈኑን ቀድጄ ትልቅ ሞተር አውጥቼበታለሁ። ጣሪያዋ ላይ መትረየስ፣ ፓራውልቷ ላይ እሾህ፣ የቀረው ቦታ ሁሉ ብርቱካናማ ዝገት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩዋት።

"አንተ ልጅ፣ የቮልስ ሞተር ከፊት የሆነው መቼ ነው?"

አፈርኩ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ከፊት ያለው የዕቃ ቦታና የቤንዚን ታንከር ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ፊልም ላይ ያየሁትን ስኮርጅ መኪናዋን ረሳኋት። ከዚያ ወዲህ ያበላሸኋቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

ታሪኩን ሳያስቡ ሙጫ ማንሳት

ይሄ የስህተቶች ሁሉ እናት ነው። ማን ነው የሚነዳት? ዓለም ከጠፋ ስንት ዓመት ሆነው? አካባቢው ዝናባማ ነው ወይስ በረሃ? እነዚህን ካልመለሳችሁ መኪናዋ ላይ የምትለጥፉት ነገር ሁሉ ዝም ብሎ ጌጥ ይሆናል።

ነዳጁን ብቻ እንውሰድ። ቤንዚን ተቀምጦ ሲከርም ይበላሻል። ዓለም ከጠፋ 20 ዓመት ከሆነው፣ ጣሪያው ላይ 10 ጀሪካን ቤንዚን መደርደር ትርጉም የለውም። ታዲያ በምን ትሄዳለች? መልሱ ታሪክ ውስጥ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ሲጠፋ፣ አውሮፓ ውስጥ እጅግ ብዙ መኪኖች በእንጨት ጋዝ ይነዱ ነበር። እንጨቱ ወይም ከሰሉ አየር በተመጠነበት ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ የሚወጣው ጋዝ ተጣርቶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቮልስም ራሷ አፍንጫዋ ላይ የጋዙ ማመንጫ ምድጃ ተገጥሞላት ተሠርታ ነበር። እና ከፊት የሆነ ነገር እንዲወጣላችሁ ከፈለጋችሁ ምክንያት አላችሁ፤ ሞተር ሳይሆን ምድጃ አድርጉት።

ሌላም አለ። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር ነው። ስለዚህ የተረፈ ሰው ከሌላ ቮልስ ፈትቶ መግጠም ይችላል። አንዱን ፓራፋንጎ ሰማያዊ፣ ሌላውን ክሬም ብትቀቡት ከአሥር የራስ ቅል የበለጠ ይናገራል። (የራስ ቅሉ ይቅርባችሁ። ሁሉም ሰው ሠርቶታል።)

ፕላስቲኩን ሳያጥቡ መቀባት

ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት ሊይዝ ይችላል። በለብ ያለ የሳሙና ውኃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚነፋ ቀለም) ንፉበት። ክሮም የተቀቡትን ክፍሎች በረኪና ውስጥ ብትዘፈዝፏቸው ክሮሙ ይለቃል። በረኪናውን ግን ከምንም ሌላ ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፤ መስኮት ክፈቱ።

ልኬትን መርሳት

የጥይት ቀዳዳ ሁሉም ሰው ይወዳል። በ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ትበሱታላችሁ፣ ያምራል። ግን በ24 አባዙት። 24 ሚሊሜትር! መኪናዋን የመታት ክላሽ ሳይሆን የአየር መቃወሚያው ዙ-23 ነው ማለት ነው። የክላሽ 7.62 በዚህ ልኬት 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሆነው፤ በመርፌ ጫፍ መንካት ይበቃል።

የላሜራውም ነገር እንደዚያው ነው። የሞዴሉ ፕላስቲክ 1 ሚሊሜትር ቢሆን የባንክ ካዝና በር ያክላል። የተቀደደ ወይም የተበላ ቦታ ስትሠሩ ከጀርባው በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት፣ ጠርዙ ወረቀት እስኪመስል። የተጨማደደ ፓራፋንጎ ከፈለጋችሁ የኩሽና ፎይል ተጠቀሙ። እንደ እውነተኛ ላሜራ ይታጠፋል።

ዝገትን በሁሉም ቦታ መርጨት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዝገት ውኃ ይከተላል። ውኃ የሚጠራቀመው ደግሞ በሮቹ ሥር፣ ፓራፋንጎው ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ፣ በመርገጫውና በመስኮት ጎማ ዙሪያ ነው። ጣሪያው መሃል ላይ ዝገት ካስቀመጣችሁ መጀመሪያ ቀለሙን ያነሳው ምን እንደሆነ ማሳየት አለባችሁ። ጭረት? ዛፍ? በደረቅ በረሃ ደግሞ መኪና ያን ያህል አይዝግም። ቀለሙ ነው በፀሐይ የሚነጣው፤ ጣሪያውና ኮፈኑ ይገረጣሉ፣ ጎኑ የድሮ ቀለሙን ይይዛል።

ቀለሙም አንድ ዓይነት አይደለም። የቆየ ዝገት ወደ ጥቁር የሚጠጋ ቡናማ ነው። ብርቱካናማው አዲሱ ነው፤ በትንሹ፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ። አሉሚኒየም፣ ጎማና ፕላስቲክ ደግሞ ጭራሽ እንደ ብረት አይዝጉም። ግራ ከገባችሁ የተጣለ ቆርቆሮ ፈልጋችሁ ፎቶ አንሱ። መርካቶ ምናለሽ ተራን አንድ ዙር መዞር ከብዙ ቪዲዮ ይሻላል።

በፀጉር ስፕሬይ መቸኮል፣ ደግሞም መዘግየት

ቀለም የተላጠ ለማስመሰል የሚመች ዘዴ ነው። ከሥር የዝገት ቀለም፣ በላዩ መከላከያ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ሁለት ስስ ዙር የፀጉር ስፕሬይ፣ ከዚያ የመኪናው ቀለም። ውኃ ስታስነኩት ስፕሬዩ ይሟሟል፤ በጠንካራ ብሩሽ ስትፈትጉት ቀለሙ ይነሳል። እኔ ቫርኒሹን ዘልዬው የዝገቱም ቀለም አብሮ ተነሳ። ሌላ ጊዜ ለሳምንት አስቀምጬው እንቢ አለኝ። የላዩ ቀለም አክሪሊክ ይሁን፤ ሲደርቅ በዚያው ቀን ሥሩት። ብሩሹን ሰው በሚነካውና በሚረግጠው ቦታ ላይ አበርቱ፤ እጀታው ዙሪያ፣ መርገጫው ላይ።

መኪናዋን በጥቁር ማጠብ

የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥኖ ሙሉ አካሉ ላይ ማፍሰስ ቀለሙን ሁሉ ያቆሽሸዋል። ቀጭን ብሩሽ ይዛችሁ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ልቀቁት። ንጹሕ ቲነር ግን አታስጠጉ፤ ቀለሙንም ፕላስቲኩንም ይበላዋል።

አቧራና ጎማ

የአቧራ ዱቄት ከነሰነሳችሁ በኋላ ቫርኒሽ ካርከፈከፋችሁ ግማሹ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ ነስንሱት። መስታወቱን ስታቆሽሹ ዝናብ መጥረጊያው የሚጠርገውን ቅስት ንጹሕ ተዉት፤ ሰው ይነዳታላ! ጎማው ደግሞ እንደ አዲስ አያብለጭልጭ። በብርጭቆ ወረቀት ጥርሱን አጥፉ፣ መሬት የሚነካውን ትንሽ ጠፍጠፍ አድርጉ። አንዳንድ ለስላሳ ጎማዎች ከጊዜ ብዛት የፕላስቲኩን ቸርኬ ያቀልጡታልና ቸርኬውን ሳትቀቡ አትግጠሙ።

ሁለተኛዋን ቮልስ አፍንጫዋ ላይ ምድጃ ገጥሜላት ለጋሼ ወሰድኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ሞተሩን ከኋላ ከፍተው አረጋገጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና "ከሰሉን የት ሊጭን ነው?" አሉኝ። ማታውን ከአሮጌ ጨርቅ ሦስት ማዳበሪያ ሰፍቼ ፖርቶመጋላው ላይ አሰርኩ።