400 ኪሎ በክሪክ ላይ፦ ችግርና መፍትሄ

የምነዳው ሃርሊ ዴቪድሰን ኤሌክትራ ግላይድ የሚባል ትልቅ ሞተር ሳይክል ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ ብርዱ ሲገባ ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ይከርማል። ጎማና ፍሬኑን የምፈትሸው ያኔ ነው። የሃርሊ ቱሪንግ (ለረጅም ጉዞ የሚሰሩ) ሞተሮች የጎን መቆሚያ እንጂ የመሀል መቆሚያ የላቸውም። ጎማውን ከመሬት ማላቀቅ የፈለገ ሰው ያለ ክሪክ አይሆንለትም። ክብደቱ ደግሞ ከ370 ኪሎ በላይ ነው፤ ሙሉ ዕቃ የተገጠመለት ኡልትራ የሚባለው ሞዴል ከ400 ያልፋል። ይሄ ሲወድቅ ማንም በእጁ አይዘውም።

የማወራው ሁለት አግዳሚ ብረት ስላለው፣ በእግር እየተረገጠ ስለሚነሳው የሞተር ሳይክል ክሪክ ነው። የመኪና ክሪክ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚይዝ ለዚህ ስራ አትሞክሩት። ስትገዙ 680 ኪሎ (1,500 ፓውንድ) የሚያነሳውን ምረጡ።

ክሪኩ ከስር አይገባም

ሞተሩ ዝቅ ያለ ነው። በጎን መቆሚያው ሲያዘነብል ደግሞ ግራ ጎኑ የባሰ ወደ መሬት ይጠጋል። መፍትሄው ሁለቱንም ጎማ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ጣውላ ላይ ማውጣት ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን መቆሚያውን ነው። ከመቆሚያው ስርም ያንኑ ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ይግባ። ጎማው ብቻ ከፍ ካለ ሞተሩ ወደ ግራ ይጋደማል። የመቆሚያው ጣውላ በጣም ከወፈረ ደግሞ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ሊሄድ ይችላል።

ሲነሳ ወደ ጎን ያጋድላል፣ ወይም ከስር "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል

ወዲያው አቁሙ። አንድ እርግጫ እንኳ አትጨምሩ። ክሪኩ ከሻንሲው (ሞተሩን ከሚሸከመው የብረት አጽም) ውጭ ሌላ ነገር ነክቶ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሞተሮች የኢንጂን ዘይት ማጠራቀሚያው ከማርሽ ሳጥኑ ስር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ እንደዚያ ነው። ማርሚታውም እዚያው አካባቢ ያልፋል። ክሪኩ ከእነዚህ አንዱን ከተጫነ መሰንጠቅ ወይም መጣመም አለ።

አውርዱና በባትሪ መብራት ከስር ተመልከቱ። ከግራና ከቀኝ የሚሄዱትን ሁለት የሻንሲ ቱቦዎች ፈልጉ። የክሪኩ ብረቶች ማረፍ ያለባቸው እነሱ ላይ ብቻ ነው። ላስቲክ ወይም እኩል ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት ብታደርጉ ቀለሙም አይላጥም፣ አይንሸራተትምም።

የሚነካው ነገር ሳይኖር ካጋደለ፣ መጀመሪያውኑ ሞተሩ ቀጥ ሳይል ነው የተነሳው። አንድ ሰው መሪውን ይዞ ቀጥ ያድርገው፣ ሌላው ይርገጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሳ ሰው ብቻውን ባይሞክረው ነው የምመርጠው፤ ጎረቤት መጥራት ነውር የለውም። ወለሉንም እዩ። ብዙ ጋራዥ ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል። የክሪኩ ጎማዎች መቆለፊያ ካላቸው ቆልፏቸው፣ ከሌላቸው ታኮ አድርጉ።

የኋላ ጎማ ሲወጣ ፊቱ ይደፋል

ይሄ በእኔም ደርሷል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ፣ ሞተሩ ክሪኩ ላይ ጸጥ ብሎ ቆመ። አልነቃነቅ ስላለኝ ሳላስረው ፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) አወጣሁ። የኋላ ጎማውን ስስበው ልጄ ከበሩ "አባዬ፣ ፊቱ እየወረደ ነው!" አለ። እጄ ሳላስበው ወደ ጭራው ሄደ። የፊት ጎማው ከወለሉ ብዙ ስላልራቀ ቶሎ አረፈ እንጂ፣ እጄ መሀል ይቀር ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የኋላ ጎማው ሲወጣ ከኋላ በኩል የነበረው ክብደት ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ወደ ፊት ይሄዳል። ትላንት የቆመበት ነጥብ ዛሬ ነጥቡ አይደለም። ስለዚህ የኋላውን የምታወጡ ከሆነ ክሪኩን ከመሀል ትንሽ ወደ ፊት አስገቡት፣ የፊት ጎማውም ስር ጣውላ ደርድሩለት፤ መጀመሪያውኑ አርፎ ይቆይ። የፊቱን ለምታወጡ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ከዚያ ማሰር። ሁለት ባለ ማጥበቂያ ቀበቶ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ከሻንሲው ወይም ከፊት መከላከያ ብረቱ ወደ ክሪኩ ቀለበቶች። ፕላስቲክ፣ የሻንጣ ማቀፊያ ወይም መሪ ላይ አትሰሩ። ሻንጣዎቹንም ከማንሳታችሁ በፊት ባዶ አድርጉ፣ በኋላ አይደለም። ታንኩ ሲሞላ ወደ 22.7 ሊትር ነው፤ ያ ቤንዚን ብቻ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ዳዶው አልፈታ ይላል፣ ሞተሩም ይወዛወዛል

በረጅም ቁልፍ የምትስቡበት ጉልበት ሞተሩን ከክሪኩ ለመጣል ይበቃል። የፔርኖውን ዳዶ ገና መሬት ላይ እያለ አላሉት። ሲመለስም በመጠኑ አጥብቁና፣ ዋናውን ማጥበቅ ሞተሩ መሬት ከነካ በኋላ መመሪያው በሚያዘው ልክ ጨርሱ።

ከተነሳ በኋላ በቀስታ ይወርዳል፣ ወይም ቢረገጥም አይነሳም

ከወረደ መጀመሪያ የማውረጃው ቫልቭ በደንብ መዘጋቱን እዩ። ተዘግቶም ከወረደ ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል፣ ወይም ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል። የማይነሳ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ምንም ሳትጭኑበት ቫልቩን ከፍታችሁ አስር ጊዜ ያህል ርገጡ፣ ከዚያ ዝጉት። ዘይቱ ከጎደለ የሃይድሮሊክ ክሪክ ዘይት ጨምሩ። የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ይበላዋልና በጭራሽ አትጨምሩ።

ክሪኩ ደህናም ቢሆን፣ ዘይት ብቻ ይዞት አትስሩ። ክሪኩ እንዳይወርድ የሚይዘውን የብረት መቆለፊያ አስገቡ። እሱ ሳይገባ እጄ ከስር አይገባም።

ሲወርድ ዱብ ይላል

ቫልቩ በአንዴ ተከፍቷል። ትንሽ ወደ ላይ ርገጡና መቆለፊያውን አውጡ፣ ከዚያ ቫልቩን በጥቂት በጥቂቱ ክፈቱ። ከስር የቀረ ቁልፍ ወይም ጣውላ እንዳይኖር ቀድማችሁ እዩ። ጎማዎቹ ወለል ሲነኩ የጎን መቆሚያው እስከ መጨረሻው ወደ ፊት መዘርጋቱን በእግራችሁ አረጋግጡና ቀበቶውን ፍቱ።

መውደቅ ከጀመረ

ልቀቁትና ዞር በሉ። ልጆች ቀድሞውንም ጋራዡ ውስጥ ባይኖሩ ይሻላል። ከወደቀ በኋላ ቁልፉን አጥፉ፣ ቤንዚን ከሸተታችሁ በሩን ክፈቱ፤ ሌላ ሰው ሳይመጣ ለማንሳት አትሞክሩ።