ታፔላ ላይ እንግሊዝኛ፦ በዐረብ ከተሞች የሚደጋገሙ ስህተቶች

ካይሮ፣ አማን ወይም ዱባይ ሱቅ ሲከፈት ታፔላው ላይ እንግሊዝኛ ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ለዓይን ነው፤ ገዢው ምን እንደሚሸጥ የሚያውቀው ከዐረብኛው ነው። ይህ ሲዘነጋ ነው ጥፋቱ የሚበዛው።

ጌጡንና መረጃውን አለመለየት
«ፋሽን»፣ «ስታይል»፣ «ቪአይፒ» ሰዋስው ባይኖራቸውም «ሱቁ ዘመናዊ ነው» ይላሉ፤ እነሱን ማረም ትርፉ ድካም ነው። ዋጋ፣ መውጫ በርና ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ ግን ዐረብኛ የማያነብ ሰው የሚፈልጋቸው ናቸው። የአራሚ ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ ይዋል።

«ኮፊ ሾፕ»ን ወደ ጥሩ ዐረብኛ መመለስ
በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ሁሉ ስንፍና አይደለም። ካይሮ ውስጥ «አህዋ» (የሰፈር ቡና ቤት) ከተባለ ደንበኛው የሚጠብቀው ሺሻ፣ ዶሚኖና ርካሽ ሻይ ነው። «ኮፊ ሾብ» ሲባል ግን ማኪያቶና ወደድ ያለ ዋጋ ይጠብቃል። ቃሉ ሲቀየር ደንበኛውም ይቀየራል።

ፒንና ቢን ማምታታት
መደበኛው የዐረብኛ ፊደል «ፐ» የለውም፤ በቦታው «በ» ይገባል። ስለዚህ «ፓርኪንግ» በጆሮ ተሰምቶ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ባርኪንግ» ይሆናል፤ ትርጉሙም የውሻ ጩኸት ነው። ለታፔላ ሠሪው በስልክ አይንገሩ፤ ተጽፎ ይላክለት። ከመቆረጡ በፊትም ናሙናውን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ሜኑውን ለተርጓሚ ማሽን ሰጥቶ መተው
«ሚት ቦል» (ድቡልቡል የተፈጨ ሥጋ) የሚለውን የእንግሊዝኛ የምግብ ስም እንውሰድ። በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ «ሚት» ሚም፣ ያ፣ ታ ነው፤ አጭር አናባቢ ስለማይጻፍ «መይት»፣ ማለትም «ሙት» ተብሎም ይነበባል። «ቦል» ደግሞ ባ፣ ዋው፣ ላም ነው፤ ፖል የሚለው የሰው ስምም እንዲሁ ይጻፋል። ማሽኑ ሁለቱን ሲያገጣጥም «ፖል ሞቷል» የሚል እንግሊዝኛ ያወጣል። እነዚያው ሦስት ፊደላት «ሽንት» ማለትም ስለሆኑ ከዚህም የባሰ ሊመጣ ይችል ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከእንግሊዝኛ የመጣ ስም በቀጥታ ከእንግሊዝኛው ይቀዳ እንጂ በዐረብኛው በኩል አይመለስ።

የዐረብኛውን ፊደል በታትኖ ማተም
ከ28ቱ ፊደላት አብዛኞቹ እንደ ቦታቸው አራት መልክ አላቸው፤ ከጎረቤታቸውም ይያያዛሉ። በኢሉስትሬተር (የዲዛይን ሶፍትዌር) ውስጥ የመካከለኛው ምሥራቅ የጽሑፍ አማራጭ ካልበራ ፊደላቱ ተለያይተው፣ አንዳንዴም ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጠው ይወጣሉ። «ሰላም» ሲን፣ ላም፣ አሊፍ፣ ሚም መሆኑ ቀርቶ ሚም፣ አሊፍ፣ ላም፣ ሲን ይሆናል። የባሕረ ሰላጤው ሐበሻ ምግብ ቤት ዐረብኛ ለማያነብ ዲዛይነር ሲሰጥ የሚገጥመው ይኸው ነው። ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ካየው በኋላ ጽሑፉ ወደ አውትላይን (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ተቀይሮ ይላክ፤ አለበለዚያ ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ከሌለው እንደገና ይበታተናል።

ዐረብኛውን ማሳነስ
ለውበት ሲባል እንግሊዝኛው ገንኖ ዐረብኛው ጥግ ላይ ይደበቃል። የግብፅ የ1958 ሕግ ቁጥር 115 ግን ታፔላ በዐረብኛ እንዲጻፍ ያዛል፤ የውጭ ቋንቋ ቢጨመር እንኳ ዐረብኛው መጠኑ የበለጠ፣ ቦታውም ይበልጥ የሚታይ መሆን አለበት። ዮርዳኖስም በ2015 የዐረብኛ ቋንቋ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች። ከማሠራትዎ በፊት ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ፤ ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ማስተካከል ተጨማሪ ወጪ ነው።

አንዱን ስም ሦስት ዓይነት መጻፍ
«ኑር» በዐረብኛ አጻጻፉ አንድ ነው፤ በላቲን ግን በሁለት ኦ፣ በኦ እና ዩ፣ ወይም በዩ ብቻ ይጻፋል። ታፔላው አንዱን፣ ደረሰኙ ሌላውን፣ የጉግል ካርታ ሦስተኛውን ከያዘ ደንበኛ ፈልጎ ያጣዋል። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው አጻጻፍ በሁሉም ቦታ ይደገም።