የብረት አጥር ከክረምት በኋላ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች የግቢን የብረት አጥር አብዝቶ የሚጎዳው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ ሲሆን፣ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ስለዚህ አጥሩን በመስከረም መጨረሻ መመርመር፣ ጥገናውን ደግሞ ብረቱ በሚገባ በሚደርቅበት በጥቅምት አጋማሽና በኅዳር ማከናወን ይመረጣል።

ቀለሙ አብጦ ይላጣል

አምና የተቀባው ቀለም እዚህም እዚያም ያብጣል፤ ያበጠው በጥፍር ሲነካ ይነሣና ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ይታያል። መንስኤው ቀለሙ በዝገት ወይም በእርጥብ ብረት ላይ መቀባቱ ነው። ዝገት ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ያላቅቀዋል። ብዙ ቤተሰብ ለእንቁጣጣሽ ግቢው እንዲያምር በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን አጥሩን ያስቀባል፤ ምኞቱ መልካም ቢሆንም ወቅቱ ለብረት ቀለም ፈጽሞ አይሆንም። ለበዓሉ አጥሩን ማጠብ ይበቃል፤ ቀለሙ ኅዳርን ይጠብቅ።

ለመጠገን የላላውን ቀለምና ዝገት በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ማስለቀቅ፣ የቀሪውን ቀለም ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ አቧራውን ቲነር በነካ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል መነሻ ቀለም) መቀባት ያስፈልጋል። አንቲረስቱ ሲደርቅ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል። በኅዳር ጠዋት ብረቱ ጤዛ ስለሚይዝ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መጀመር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም መቀጠል አይመከርም።

ዝገት ሳይኖር ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሣል

ይህ የሚያጋጥመው ዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ላይ ነው። ዚንኩ ከዘይት ቀለም ጋር ቀስ በቀስ ተዋህዶ በመካከላቸው ሳሙና መሰል ስስ ሽፋን ስለሚፈጥር ቀለሙ መያዣ ያጣል። የተነሣውን አስለቅቆ፣ በሳሙና አጥቦና አድርቆ፣ ለዚንክ ልባጥ የተዘጋጀ መነሻ ቀለም ማስቀደም ይገባል። ዝገቱ የታየው በብየዳው ዙሪያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ብየዳው ዚንኩን አቃጥሎታል ማለት ነው፤ ቦታው ተጠርጎ ዚንክ የበዛበት ቀለም ይቀባል።

ቋሚው ከእግሩ ይበሰብሳል

ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ከላይ ያማረ አጥር ከሥሩ ተበልቶ አንድ ቀን ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቋሚው ከኮንክሪቱ በሚወጣበት ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ብለው ይሞክሩት፤ ከሰረጎደ ወይም ከተበሳ ብረቱ አልቋል። አንደኛው መንስኤ ኮንክሪቱ ከመሬት እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ውኃ ማቆሩ፣ ወይም የአትክልት አፈርና ቅጠል ቋሚውን መቅበሩ ነው። ሁለተኛው የቱቦው አናት ሳይደፈን ቀርቶ ዝናብ ወደ ውስጥ መግባቱ ሲሆን፣ ይህኛው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ ቀለም አያድነውም።

የተበሳውን በስቱኮ ሞልቶ መቀባት ጉዳቱን ከመሸፈን አያልፍም። የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ብረት መበየድ አለበት፤ በሚበየድበት ቦታ ዚንክ ካለም ጭሱ ስለሚያሳምም ልባጡ አስቀድሞ ይፋቅ፣ ሥራውም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ከዚያ በኋላ ኮንክሪቱን ከአፈሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ወደ ውጭ ማዝቀዝቀዝ፣ የቱቦውን አናት በላሜራ መድፈን፣ ከኮንክሪቱ ከፍ ብሎም ለውኃ መውጫ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው።

በሩ መሬት ይነካል ወይም ቁልፉ አይገጥምም

መጀመሪያ ማጠፊያውን ይመልከቱ፤ ከተበላ ይለወጣል፣ ከደረቀ ግሪስ ይቀባል። ማጠፊያው ደህና ሆኖ በሩ ከተዛነፈ ግን መንስኤው ብዙ ጊዜ በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚሰነጠቀው መረሬ አፈር ነው። በዝናቡ ወራት በሩን ለማስገጠም ብረት መቁረጥ አያስፈልግም፤ በታኅሣሥ አፈሩ ሲደርቅ በራሱ ሊመለስ ይችላል። በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን የቋሚውን መሠረት አፈሩ ብዙም እስከማይንቀሳቀስበት ጥልቀት ድረስ ቆፍሮ እንደገና ማስሞላት፣ የጣሪያውንም ፍሳሽ ከቋሚው አርቆ ማስወረድ ይገባል።