ከ«ጨካኝ ነው» እስከ «ይዝመትበት»፦ ለጣልቃ ገብነት ክርክር እንዴት እንዘጋጅ?

«የአምባገነን ጭካኔ የውጭ ወታደራዊ ጣልቃ ገብነትን ያጸድቃል» የሚል ርዕስ ሲሰጥ ደጋፊው ወገን ሰዓቱን የሚጨርሰው ሰውየው ጨካኝ መሆኑን በማስረዳት ነው። ተቃዋሚው ደግሞ ጦርነት ክፉ መሆኑን ሲያስረዳ ይውላል። ሁለቱንም የካደ የለም። ዳኛው የሚመዝነው በመካከል ያለውን ነው፦ ከጭካኔው ተነሥቶ ጦር እስከ መላክ የሚያደርሰው እያንዳንዱ እርከን ውሃ ያነሣል ወይስ አያነሣም? ዝግጅታችሁን እዚያ ላይ አውሉት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርዕሱን መፍታት

«ያጸድቃል» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ «ቢገባ አያስወቅስም» ወይም «ካልገባ ያስወቅሳል»። የመጀመሪያው ፈቃድ፣ ሁለተኛው ግዴታ ነው። ደጋፊ ከሆናችሁ ፈቃዱን ብቻ ተሸከሙ። ግዴታውን የወሰደ ቡድን «እዚያኛው አገር ሕዝብ ሲያልቅ የት ነበራችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። ፈቃዱን የወሰደው ግን «ሁሉንም ማዳን አለመቻል አንዱን ለመተው ምክንያት አይሆንም» ብሎ ያልፈዋል።

«ጭካኔ» ላይ ወሰን አስምሩ። ጋዜጠኛ ማሰር፣ ምርጫ ማጭበርበር፣ እስረኛ መግረፍ ጭካኔ ነው፤ ግን በእነዚህ ብቻ ጦር ይዝመት ካላችሁ የሚተርፈው አገር ጥቂት ነው። የተሻለው አጥር በ2005 የዓለም መሪዎች በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የተስማሙባቸው አራት ወንጀሎች ናቸው፦ ዘር ማጥፋት፣ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጽዳትና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል። ቦታው የጉባኤው የመደምደሚያ ሰነድ አንቀጽ 138 እና 139 ነው፤ ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙት።

ከደረጃው እኩል ጊዜውም ይወሰን። ግድያው እየተካሄደ ነው? ሊጀመር አፋፍ ላይ ነው? ወይስ አልፏል? የኢራቅ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሳዳም ጦር ሐላብጃ ላይ ወደ 5,000 የሚጠጉ ኩርዶችን በመርዝ ጋዝ የፈጀው ማርች 16 ቀን 1988 ነበር፤ ጦር የዘመተው ግን በ2003። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2004 ባወጣው ትንታኔ ወረራው ሰብዓዊ ጣልቃ ገብነት ሊባል አይችልም ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያስቆሙት መጠነ ሰፊ እልቂት አልነበረም። ያለፈ እልቂት ፍርድ ቤት ያስኬዳል፤ ጦር ያዘምታል ለማለት ግን ሌላ ክርክር ያስፈልጋል።

«ወታደራዊ» ሲባልም ከበረራ ክልከላ አንሥቶ እስከ አገር መያዝ ድረስ ነው። አንዱን መርጣችሁ ስሙን ጥሩ። «ትንሽ ነገር ነው፣ የበረራ ክልከላ ብቻ» ማለት የጀማሪ ስሕተት ነው፤ በረራ ለመከልከል አብዛኛውን ጊዜ ራዳሩንና የአየር መከላከያውን አስቀድሞ መደብደብ ግድ ነው፣ ያም ጦርነት ነው። ይህ ሁሉ ፍቺ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ። ርዕሱን እስኪታነቅ ድረስ አጥብባችሁ «ስለ ዘር ማጥፋት ብቻ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ሲፈቅድ ብቻ፣ ስኬቱ ሲረጋገጥ ብቻ» ካላችሁ ዳኛው ማምለጫ መሆኑ ይገባዋል።

ከሕጉ በቃል የሚያዘው

ብዙ አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(4) በሌላ አገር ላይ ኃይል መጠቀምን ይከለክላል። ግልጽ በሮቹ ሁለት ናቸው፦ በአንቀጽ 51 ራስን መከላከልና በምዕራፍ ሰባት የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ። ተቃዋሚዎች የሚወዱት አንቀጽ 2(7)፣ ማለትም በውስጥ ጉዳይ አለመግባት፣ በራሱ ጽሑፍ የምዕራፍ ሰባትን እርምጃ ከክልከላው ያወጣል፤ ያንን ሳያነቡ የሚጠቅሱት ብዙ ናቸው። ምክር ቤቱ 15 አባላት አሉት፤ ለውሳኔ 9 ድምፅ ያስፈልጋል፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላትም አንዱ ቢቃወም ይወድቃል። ድምፀ ተአቅቦ አይጥለውም። በ2011 ሊቢያ ላይ ኃይል መጠቀምን የፈቀደው ውሳኔ ቁጥር 1973 በ10 ድጋፍና በ5 ተአቅቦ ያለፈው ሩሲያና ቻይና ተአቅቦ ስላደረጉ ነው። የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሰነድም በአንቀጽ 4(ሸ) ለጦር ወንጀል፣ ለዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ኅብረቱ በአባል አገር ውስጥ ጣልቃ የመግባት መብት ይሰጠዋል።

በሕግ ብቻ ግን አይረታም። ደጋፊው «በ1994 ዘር ማጥፋቱን የሚመራው የሩዋንዳ መንግሥት ራሱ በምክር ቤቱ ወንበር ነበረው» ካለ፣ የፈቃድ ነገር እንዳሰባችሁት ንጹሕ አለመሆኑ ይታያል። ተቃዋሚውም «እያንዳንዱ ኃያል መንግሥት ራሱ ፈራጅ ይሁን?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጥሩ ምት ነው፤ ከዚያ በላይ ሰዓት አትጨርሱበት።

ስድስቱ መፈተኛዎች

በካናዳ መንግሥት አነሣሽነት የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ2001 «የመጠበቅ ኃላፊነት» ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ስድስት ጥያቄ አለው፦ በቂ ምክንያት፣ ቅን ዓላማ፣ የመጨረሻ አማራጭነት፣ ተመጣጣኝ ኃይል፣ የመሳካት ዕድል፣ ሥልጣን ያለው ወሳኝ አካል። ስድስቱን በተራ መዘርዘር አሰልቺ ነው። ክርክሩ በእውነት የሚበየነው በሁለቱ ላይ ነው፤ በመጨረሻ አማራጭነትና በመሳካት ዕድል።

የመጨረሻ አማራጭ ማለት ሌላው ሁሉ ተሞክሮ አለቀ ማለት አይደለም። ሌላው ሁሉ ቢሞከር ግድያውን በጊዜው እንደማያቆም አሳማኝ ምክንያት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ደጋፊው የጊዜ ሰሌዳ ያምጣ። ሩዋንዳ ውስጥ ወደ 800,000 የሚጠጋ ሰው ያለቀው በ100 ቀን ገደማ ነው፤ ማዕቀብ ደግሞ ፍሬ ለማፍራት ወራትና ዓመታት ይፈልጋል። ይህን ንጽጽር የሚስተካከል ነጥብ ደጋፊው ሌላ የለውም። ተቃዋሚው ደግሞ ተዘልሎ የቀረውን መንገድ በስሙ ይጥራ እንጂ «ዲፕሎማሲ» ብሎ አይለፍ።

የመሳካት ዕድልን ለመከራከር ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ምንም ባይደረግ፣ ሌላ እርምጃ ቢወሰድ፣ ጦር ቢገባ። በእያንዳንዱ ሥር ሦስት መስመር፦ ስንት ሰው ይሞታል፣ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው፣ ለስንት ጊዜ ይቆያል። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ግን ሠንጠረዡ ያለው ቡድን «ጦርነት ሰው ይገድላል» ሲባል «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ቁጥር ስትጠቅሱ ምን እንደተቆጠረ ተናገሩ። ለኢራቅ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2006 ያወጣው ጥናት ወደ 655,000 «ተጨማሪ ሞት» ገምቷል፤ ሟቾችን የሚቆጥረው ኢራቅ ቦዲ ካውንት ደግሞ በዘገባ የተረጋገጠ የሲቪል የኃይል ሞትን ብቻ ስለሚመዘግብ ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ነው። አንዱን ከአንዱ የቀላቀለ ተከራካሪ በአንድ የመሃል ጥያቄ (ሌላው ወገን ንግግሩን አቋርጦ በሚጠይቀው) ይፈርሳል።

የማስረጃ መዝገብ

ለእያንዳንዱ ታሪክ አንድ ካርድ፣ በካርዱ ላይ አምስት መስመር፦ ማን ይገድል ነበር፣ ማን በምን ፈቃድ ገባ፣ ምን ብሎ ገባ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ሆነ፣ ከዓመታት በኋላስ? አምስተኛውን መስመር ባዶ የተወ ቡድን በዚያው ይመታል። ስድስት ካርድ በደንብ ማወቅ ሃያ ካርድ ከመሸከም ይሻላል።

ካምቦዲያ። አገሪቱን የገዛው የኮሚኒስት ቡድን ክሜር ሩዥ ከ1975 እስከ 1979 ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሰው አስጨረሰ። ቬትናም በዲሴምበር 1978 መጨረሻ ዘምታ በጃንዋሪ 7 ቀን 1979 ፕኖም ፔንን ያዘች፤ እልቂቱ ቆመ። ቬትናም ግን ያነሣችው ምክንያት ሰብዓዊነት ሳይሆን ራስን መከላከል ነው፤ ጦሯም እስከ 1989 ቆየ። የመንግሥታቱ ድርጅት ወንበርም ለዓመታት በተባረሩት እጅ ቀረ። ለደጋፊው ወርቅ ነው፤ ቅን ዓላማ ባይኖርም ሕይወት ይተርፋል። ለተቃዋሚውም የአሥር ዓመቱ ቆይታ አለለት።

ኡጋንዳ። የኢዲ አሚን ጦር በ1978 የታንዛንያን የካጌራ ግዛት ወረረ፤ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት የኔሬሬ ጦር መልሶ ገፍቶ በኤፕሪል 11 ቀን 1979 ካምፓላን ያዘ። እዚህም የተነሣው ራስን መከላከል ነው። አምስተኛው መስመር፦ አሚን ቢወገድም ኡጋንዳ በ1980ዎቹ ወደ ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት ገባች።

ኮሶቮ። ኔቶ በ1999 የኮሶቮን አልባኒያውያን ታሳድድ የነበረችውን ዩጎዝላቪያን ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ለ78 ቀን ደበደበ። ጉዳዩን ያጠናው ገለልተኛ ኮሚሽን ዘመቻውን «ሕገ ወጥ ግን ተገቢ» ብሎ ደመደመ። ሳይዘጋጁ የሚመጡ ደጋፊዎች የሚመቱበት ቦታ ይህ ነው፦ ከ800,000 በላይ አልባኒያውያን የተሰደዱትና የተባረሩት በአመዛኙ ድብደባው ከተጀመረ በኋላ ነበር። መልሱ «አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ተመልሰዋል» የሚለው ነው፤ እውነትም ነው፣ ግን ጥያቄው ሳይመጣ ራሳችሁ አንሡት።

ሊቢያ ከሁሉ የሚበልጥ ሰዓት ይገባታል፤ ሁለቱም ወገን ይጠቀምባታልና። ጋዳፊ በማርች 2011 ጦራቸው ወደ ዓማፅያኑ ከተማ ቤንጋዚ ሲገሰግስ ለሚዋጓቸው ምሕረት እንደማይኖር በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ውሳኔ 1973 በማርች 17 ጸደቀ፣ ድብደባው በ19 ተጀመረ። የአፍሪካ ኅብረት አሸማጋዮች በማግስቱ ሊገቡ ሲሉ የበረራ ፈቃድ ተከለከሉ፤ ተቃዋሚ ከሆናችሁ «የመጨረሻ አማራጭ» ላይ የምትተክሉት ችካል ይህ ነው። ጋዳፊ በኦክቶበር 20 ተገደሉ፣ የኔቶ ዘመቻ በ31 ተዘጋ። ከዚያ በ2014 ሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፤ ከድጡ ወደ ማጡ። የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴም በ2016 ባወጣው ሪፖርት አደጋው መጋነኑንና ሲቪል የመጠበቁ ዓላማ መንግሥት ወደ መገልበጥ መንሸራተቱን ጻፈ። ደጋፊው ቤንጋዚን ማዳንንና ትሪፖሊን መያዝን ይለያይ፤ ካልለያየ ሁለቱንም ያጣል።

የተቀሩት ሁለት ካርዶች ከላይ የተነሡት ሩዋንዳና ኢራቅ ናቸው። የሩዋንዳው ላይ ይህን ጨምሩ፦ ምክር ቤቱ በኤፕሪል 21 ቀን 1994 ወደ 2,500 የነበረውን ሰላም አስከባሪ ወደ 270 ቀነሰ። አለመግባትም ውሳኔ እንደሆነ የሚያሳይ ነው።

ተቃዋሚ ከሆናችሁ

አምባገነኑን አትከላከሉለት። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ «ሰውየው ወንጀለኛ ነው፣ ጥያቄው ቦምቡ ምን ያደርጋል ነው» ብላችሁ ዝጉት፤ ያኔ የደጋፊው ግማሽ ንግግር ጥቅም አልባ ይሆናል። ቀጥሎ አማራጭ አቅርቡ፣ አሠራሩን በዝርዝር፦ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ፣ የባለሥልጣናት ሀብት እግድ፣ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መምራት (በሊቢያ ላይ ውሳኔ ቁጥር 1970 በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2011 ይህን አድርጓል)፣ ለስደተኞች ድንበር መክፈት። ፍርድ ቤቱ ግን ሁለት ስለት አለው፤ ማምለጫ ያጣ አምባገነን እስከ መጨረሻው ሊዋጋ ይችላል፤ ጥያቄው እንደሚመጣ ጠብቁ።

«ለምን እዚህ ገቡ፣ እዚያ ግን አልገቡም?» የሚለው ነጥብ በደካማ መንገድ ሲቀርብ ግብዝነትን መንቀፍ ብቻ ይሆናል። ጠንካራው አቀራረብ የሚከተለው ነው፦ ጣልቃ ገቢው የሚመርጠው በጥቅሙ ከሆነ፣ ጥቅሙ ሲያልቅም ይወጣል፤ ስለዚህ የመሳካት ዕድሉ ራሱ ይቀንሳል። እንዲህ ከተሰፋ ከመፈተኛው ጋር ይያያዛል።

መድረክ ላይ

በዓለም የትምህርት ቤቶች ክርክር ሥርዓት በየወገኑ ሦስት ተናጋሪ ለ8 ደቂቃ ይናገራል፤ የመሃል ጥያቄ የሚፈቀደው ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ እስከ ሰባተኛው ድረስ ነው። የመጀመሪያው ደጋፊ 1 ደቂቃ ተኩል ለፍቺ፣ 3 ለጭካኔው ደረጃና ለአጣዳፊነቱ፣ 3 ለመሳካት ዕድል፣ ቀሪውን ለመዝጊያ ይመድብ። ሁለተኛው ተናጋሪ ቢያንስ 2 ደቂቃ ተኩል የሌላውን ወገን ለማፍረስ ይያዝ።

የመሃል ጥያቄ አጭር ይሁን፦ «ወታደሮቹ የሚወጡት መቼ ነው?» «ቤንጋዚ ብትያዝ ኖሮ ስንት ሰው ይሞት ነበር?» ከ15 ሰከንድ ያለፈ ጥያቄ ለተናጋሪው የማሰቢያ ጊዜ መስጠት ነው። ሁለት ጥያቄ ተቀበሉ፤ ምንም አለመቀበል ፍርሃት ይመስላል፣ አራት መቀበል ደግሞ ሰዓት ያስበላል።

አዳራሽ ውስጥ ከሚነሣው አገር የመጣ ሰው ሊኖር ይችላል። የሬሳ ቁጥርን እንደ ጨዋታ ነጥብ አትጣሉት፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ንገሩት፣ ከዚያም ወደ ነጥቡ ሂዱ።

የ4 ደቂቃውን የመዝጊያ ንግግር በየወገኑ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ተናጋሪ ያቀርበዋል፤ ተቃዋሚው ይቀድማል። አዲስ ነጥብ አይፈቀድም። ሁለት ጥያቄ ብቻ አንሥታችሁ በሁለቱ ላይ ማን እንደረታ አሳዩ፦ ሌላ መንገድ በጊዜው ይደርስ ነበር? ከገቡ በኋላስ ማን ያስተዳድራል? ሁለተኛውን ያለ መልስ የተወ ደጋፊ፣ ወይም የመጀመሪያውን ያለ መልስ የተወ ተቃዋሚ፣ በማስታወሻው ላይ ባዶ መስመር አለው፤ ዳኛውም ያንኑ መስመር ነው የሚያየው።