የድሮ ፎርትራን አዲስ ላፕቶፕ ላይ እምቢ ሲል

ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ጋቢ ደርቤ። ጓደኛዬ የበሬሳን ወንዝ ፍሰት ሊያሰላበት ፎርትራን 77 በሚባል የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አሮጌ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ሦስት ምሽት አስጨንቆናል።

ገና ሲጀመር የስህተት መዓት ይወርዳል

አትደንግጡ፣ የፋይሉን ስም እዩ። ጓደኛዬ «ዘመናዊ ይምሰል» ብሎ የስሙን መጨረሻ ከነጥብ ኤፍ ወደ ነጥብ ኤፍ90 ቀይሮት ነበር። ጂፎርትራን (ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ኤፍ90 ካየ በአዲሱ አጻጻፍ ነው የሚያነበው። በ‹ሲ› የሚጀምረው የድሮ ማስታወሻ ሁሉ ትእዛዝ ይመስለዋል። ስሙን መልሱለት።

ኮምፓይል ያደርጋል፣ መልሱ ግን ጉድ ነው

ክፉው ይሄ ነው። የእኛው በሚያዝያ ፀሐይ ትነት ዜሮ ነው አለን። የድሮው ፎርትራን ትእዛዝ የሚያነበው በየመስመሩ ከ7ኛው እስከ 72ኛው አምድ (የፊደል ቦታ) ብቻ ነው። ነገሩ ኮድ በተበሳ ካርድ ላይ ይጻፍ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፤ ካርዱ 80 አምድ ነበረው፣ የመጨረሻዎቹ 8 ለተራ ቁጥር ይተዉ ነበር። ጓደኛዬ አንድ ቀመር ሲያስረዝም ትነቱን የያዘው ‹ኢቫፕ› የሚለው ስም የመጨረሻ ፊደሉ 73ኛው ላይ አረፈ። ኮምፓይለሩ ‹ኢቫ› ብሎ አነበበና አዲስ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ፈጠረ። ቅሬታ የለ፣ ምን የለ።

‹ሰረዝ ደብሊው-ኦል› የሚለውን የማስጠንቀቂያ አማራጭ ጨምራችሁ ኮምፓይል አድርጉ፤ የተቆረጠውን መስመር ይነግራችኋል። ከዚያ መስመሩን ለሁለት ክፈሉት፣ የሁለተኛው 6ኛ አምድ ላይ አንድ ምልክት አድርጉ። የመስመሩን ወሰን ወደ 132 ማስፋትም ይቻላል። እኔ አልወደውም፤ ከ73 ወዲያ የካርድ ቁጥር ካለ እሱም ኮድ ሆኖ ይነበብና ሌላ ጣጣ ነው።

የመጀመሪያው ጥሪ ልክ፣ ሁለተኛው ቅዠት

ብዙ የድሮ ኮምፓይለሮች የሰብሩቲን (በዋናው ፕሮግራም እየተጠራ የሚሠራ ንዑስ ፕሮግራም) ተለዋዋጮችን ቋሚ ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ‹ሴቭ› (ዋጋውን ለሚቀጥለው ጥሪ አቆይ የሚለው ትእዛዝ) ባይጻፍም ዋጋው ይቆያል። ዛሬ እንደዚያ ብሎ ዋስትና የለም። ለጊዜው ‹ኤፍ-ኖ-አውቶማቲክ› የሚለው የኮምፓይለር አማራጭ ያድናል፤ የሚያዛልቀው ግን ‹ሴቭ› ብሎ መጻፍ ነው።

ትናንት ይሠራ የነበረው ኮምፓይለሩ ሲታደስ እምቢ አለ

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂፎርትራን 10 የማይገጣጠሙ አርጊውመንቶችን (ሰብሩቲን ሲጠራ የሚላኩለትን ዋጋዎች) እንደ ስህተት ይቆጥራል። ‹ኤፍ-አሎው-አርጊውመንት-ሚስማች› የሚለው አማራጭ ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ያደርገዋል። ጥሪውን ግን አንድ በአንድ እዩት፤ እኛ ሙሉ ቁጥር የሚጠብቅ ሰብሩቲን ላይ አስርዮሽ ስንልክ ተገኝተናል።

ትነቱ ከዜሮ ተነስቷል። ፍላሹ ውስጥ ሌላ አስራ አንድ ፋይል አለ።