ናልትሬክሶንን በትንሽ መጠን መሞከር ለምታስቡ

ሌሊት እግራችሁን እንደ እሳት የሚለበልባችሁ፣ ጠዋት ደግሞ ጨርሶ ያልተኛችሁ ያህል ደክሟችሁ የምትነሱ ከሆነ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሐኪማችሁ ናልትሬክሶንን በትንሽ መጠን እንሞክር ብሏችሁ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ እናንተው ልትጠይቁት አስባችኋል። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ አጥቼ የተቸገርኩበትን ልንገራችሁ።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 የተፈቀደው ለኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ሕመም ማስታገሻዎች) ሱስ ነው፣ የተለመደው እንክብልም 50 ሚሊግራም ነው። ለሕመም የሚሞከረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም ነው። እንክብሉን በቢላ እየቆራረጡ እዚህ መጠን ላይ መድረስ አይቻልም፣ ስለዚህ ፋርማሲስት በልኩ ቀምሞ በካፕሱል ወይም በፈሳሽ ያዘጋጀዋል። ስታዙት ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነት እንዳይሆን ንገሩት፤ የሚፈለገው ለጥቂት ሰዓት ሠርቶ እንዲወጣ ነው። ላክቶስ (የወተት ስኳር) የማይስማማችሁ ካላችሁ መሙያው ምን እንደሆነም ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ሞርፊን ወይም ሌላ ኦፒዮይድ የምትወስዱ ከሆነ ናልትሬክሶንን እንዳትነኩ! የሁለቱም ማረፊያ አንድ ነው። ናልትሬክሶን ሲገባ ያኛውን ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ሰውነታችሁ ኦፒዮይዱን ከለመደው ደግሞ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ ድው ድው ማለት በአንድ ላይ ይመጣባችኋል። ብዙ ሰው ትራማዶልን ተራ ማስታገሻ አድርጎ ስለሚያየው ሐኪሙ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ሲለው የለም ብሎ ያልፋል፣ አንዳንድ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ኮዴይን እንዳለም አያስተውልም። እቤት ያለውን ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱና አሳዩት። ኦፒዮይድ ካቆማችሁ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ሜታዶን ከሆነ ከዚያም በላይ። ማቆሙንም ቢሆን በራሳችሁ ሳይሆን ሐኪሙ በሚላችሁ መንገድ አድርጉት። ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ተናገሩ፣ ናልትሬክሶን እንደምትወስዱ የሚገልጽ ወረቀትም ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የጉበት ችግር ካለባችሁ ይህም መነገር አለበት።

አጀማመሩ በዝግታ ነው። ብዙ ሐኪሞች ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊግራም ያስጀምሩና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። እኔ ቸኩዬ በአሥር ቀን 3 ሚሊግራም ደረስኩ፤ እንቅልፌ ጠፋ፣ ሕልሜ ደግሞ እውን እስኪመስለኝ ድረስ ያባንነኝ ጀመር። ወደ 1 ሚሊግራም ወርጄ እንደገና ስጀምር ተስማማኝ። ማታ ስትወስዱት እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ጠዋት ማድረግ ይቻላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽም ያጋጥማል፣ ብዙውን ጊዜ ግን በጥቂት ቀን ይቀላል።

በተጨማሪ ደብተር ያዙ። ከመጀመራችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ማታ ማታ የሕመሙን ከ0 እስከ 10፣ የድካሙንም እንዲሁ፣ የተኛችሁበትን ሰዓትም ጻፉ። በዚያ ጊዜ ሌላ አዲስ ቫይታሚን፣ አዲስ ስፖርት ምናምን አትጀምሩ፣ አለበለዚያ የቱ እንደረዳችሁ አይታወቅም። ለውጡ በድንገት የሚመጣ አይደለም። ሁለት ሦስት ወር ስጡት።

ተስፋችሁንም በልኩ አድርጉት። ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን የሚያም፣ ድካምና የእንቅልፍ ችግር ያለበት የረጅም ጊዜ ሕመም) ባለባቸው 31 ሴቶች ላይ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት፣ 4.5 ሚሊግራም ናልትሬክሶን፣ መድኃኒት ከሌለው ማስመሰያ እንክብል የተሻለ ሕመም እንደቀነሰ አሳይቷል። ዴንማርክ ውስጥ በ99 ሴቶች ላይ በ6 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት የተሞከረው ግን ሕመምን በመቀነስ ከማስመሰያው ብልጫ አላሳየም። እንግዲህ አንዱን ይረዳል፣ ሌላውን አይረዳም። ካልረዳችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ረድቶኝ ይሆን ወይስ መስሎኝ ነው ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ፣ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ለሁለት ሳምንት አቁሙትና ደብተሩን ቀጥሉ። የእኔ ጥርጣሬ የለቀቀኝ እንዲህ አቁሜ በዘጠነኛው ቀን የእግሬ ማቃጠል ሲመለስ ነው።